የወለላይት እንቅልፍ

የመናገሪያው በትር በአርጋዝ ነገሥታት አዳራሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አረፈደ። የጦር አበጋዙ ይዞ ተናገረ። ኮከብ ቆጣሪው ይዞ ተናገረ። ጢም ያላወጣ የመኳንንት ልጅ እንኳ ያዘውና፣ የሚለው ጠፍቶት፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ መለሰው። በትሩ እማማ ይርገዱ ዘንድ ሲደርስ ግን አጋፋሪው በራሳቸው ላይ አሻግሮ ለቀጣዩ ሰው አቀበለው። ባዶ በርጩማ የዘለለ ይመስል!

«እኔ እዚህ የተጎለትሁት ለምሰሶነት ነው?» አሉ እማማ ይርገዱ። የሰማቸው የለም። ያ ድምፅ በደጉ ዘመን ዘንዶ ያስተኛ ድምፅ ነበር፤ ዛሬ የአጋፋሪ ጆሮ እንኳ አጣ።

በአርጋዝ ምድር ሰው የሚገበያየው በወለላይት ቅርፊት ነው። ወለላይት በሰማያዊው ሐይቅ ውስጥ የምትኖር፣ ገላዋ እንደ ማር የሚያበራ ታላቅ ዘንዶ ናት። አዝመራ ሲሰበሰብ ትነቃለች፤ ቅርፊቷንም ታራግፋለች። ሕዝቡ ያመረተውን እህል በሐይቁ ዳር ይደረድርና በእህሉ ልክ ቅርፊት ይለቅማል። «እህል ሳይቀድም ቅርፊት አይነሣ» የሚለው ሕግ ከጥንት የመጣ ነው። ከዚያ አስተኚ የሚባሉት ሴቶች ዘፍነው ያስተኟታል፤ እስከሚቀጥለው አዝመራ የሚቀሰቅሳት የለም። ንጉሥ ዘምበርያ የሰማይ ግንብ ሊሠራ በተነሣ ጊዜ ግን አስተኚዎቹን አሰናበተ፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደውንም መንገድ ዘጋ። «ወለላይት ንጉሡን ወዳ ዓመቱን ሙሉ ትሰጠዋለች» ተባለ። ሕዝቡም እልል አለ። ከአስተኚዎቹ በሕይወት የቀሩት እማማ ይርገዱ ብቻ እልል አላሉም።

የዚያን ዕለት ጉባኤ የጠራው አስፈሪ ምልክት ነበር። በገበያው መካከል በቆመው የአባቶች ሚዛን ላይ አንዲት ቅርፊት አንድ ቁና እህል ታነሣ ነበር። ያን ጠዋት በአንዱ ወገን ጆንያ ሙሉ ቅርፊት ተጫነ፤ በሌላው ወገን እፍኝ ገብስ። እፍኟ ገብስ ከበደች። እናቶች ደረታቸውን መቱ። «የቅርፊታችን ኃይል ተሰረቀ!» ተብሎ ተጮኸ።

«ዝናብ ስለቀረ ነው» አለ ኮከብ ቆጣሪው። ውሸት አይደለም፤ ዝናቡ ቀርቷል።

«ነጋዴው ነው! ይገረፍ!» አለ አበጋዙ።

«እሺ» አለ ንጉሡ።

«ለወታደሩ ደመወዙ እጥፍ ይሁንለት! ርቦታል!» አለ ሌላው።

«እሺ።»

«ግንቡ ላይ አንድ ደርብ ይጨመርና ሥራ ያጣው ሁሉ ይቀጠር!»

«እሺ፣ ልጆቼ፣ እሺ» አለ ንጉሡ እንባ አቅርሮ። ዘምበርያ ክፉ ሰው አልነበረም። የለመነውን መመለስ የማይችል፣ ሆደ ባሻ ንጉሥ ነበር። ሰው ይወደው ነበር፤ እየተራበም ይወደው ነበር።

በዚህ መካከል ከዘበኞቹ ተርታ አንዲት ልጃገረድ ወጥታ ጦሯን ተከለች። ሐመልማል ትባላለች፤ የእማማ ይርገዱ የልጅ ልጅ ናት።

«የአርጋዝን በረከት የሰረቀውን ሌባ፣ ሰው ቢሆን አውሬ፣ በደመና ቢሸሸግ በጥልቅ ውኃ፣ በዚህች ጦር ልወጋው እምላለሁ! ሳልወጋው ብመለስ ጦሬ ወደ ደረቴ ትዙር!»

«ከሐይቁ ወገን እንደ ነጎድጓድ ያለ ጉምጉምታ ይሰማል» አለ ኮከብ ቆጣሪው። «ሌባው እዚያ ነው።»

እማማ ይርገዱ ይህን ሲሰሙ ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። በሐይቁ ያለችው ወለላይት ናት። ጡት እንዳጠቡት ልጅ ስንት ዘመን ያስተኟት ወለላይት! የልጅ ልጃቸው ልትወጋት ማለች፤ ካልወጋች ደግሞ ራሷ ልትሞት።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ።

«እምዬ፣ ጉልበትሽ እኮ...»

«ጉልበትሽን አበድሪኝ አልሁሽ? ቅደሚ!»

መንገድ እንዲመራ የተሰጣቸው ቆሬ የሚባል የእህል ነጋዴ ነበር፤ ጀርባው ገና በጅራፍ ሰንበር ተዥጎርጉሯል። ዳገቱ ላይ አረፍ እንዳሉ ለሐመልማል እውነቱን አወጣው።

«እህል ደብቄአለሁ፤ አልዋሽም። ነገ እንደሚወደድ እያወቅሁ ዛሬ ልሽጥ? ሸማቹም እንደኔው ነው። ነገ ይብሳል ይልና የክረምት ቀለቡን ዛሬ ይሻማል።»

«ታዲያ ሌባው አንተ ነሃ!» ሐመልማል ጦሯን ነቀነቀች።

«ተዪው» አሉ እማማ ይርገዱ። «እሱ ዝንብ ነው። ዝንብ ቁስል ያመረቅዛል እንጂ ቁስል አይፈጥርም።»

«ዝንብ አሉኝ፣ እማማ?»

«ጅብ ልል ነበር፤ ለጀርባህ አዝኜ ነው።»

ቆሬ ሊስቅ ሲል ሰንበሩ ቆጠቆጠውና አቃሰተ። አሮጊቷም ከቋጠሯቸው ቅቤ አውጥተው፣ እየተሳደቡ፣ ጀርባውን ቀቡት።

ከዚያ ጥልቅ ገደል ላይ ወደተዘረጋው የሐረግ ድልድይ ደረሱ። ድልድዩን የሚጠብቁት ሰውኛ የሚናገሩ ክንፋም ዝንጀሮዎች ናቸው። ቆሬ «አውቃቸዋለሁ» ብሎ እፍኝ ቅርፊት በተነላቸው። ዝንጀሮዎቹ ተሻሙ። ጩኸታቸውን የሰሙ ሌሎች ከየዋሻው ክንፋቸውን እያማቱ መጡ። ጨመረላቸው። የባሰ በዙ።

«ቅድም በእፍኝ ነበር!» አለ አውራው። «አሁን በጆንያ ነው!» ይህን ብሎ አንዱን ሐረግ በጥርሱ በጠሰው። ድልድዩ ተንጋደደ። እማማ ይርገዱ ተንሸራተቱ፤ ሐመልማል በአንድ እጇ ወገባቸውን፣ በሌላው ሐረጉን ይዛ ቀረች። መዳፏ ተሰንጥቆ ደሟ ወደ ገደሉ ተንጠባጠበ።

«እናንተ ሆዳሞች!» አሉ አሮጊቷ በአየር ላይ እንደተንጠለጠሉ። «ቅርፊት ይበላል? ይኸው የሚበላ!» የቆሎ ቋጠሯቸውን ወረወሩላቸው። ዝንጀሮዎቹ ፀጥ ብለው ይቆረጥሙ ጀመር። አንዲት እናት ዝንጀሮ የምታለቅስ ግልገሏን አቅፋ ቀረበች፤ እማማ ይርገዱም ድልድዩን እየተሻገሩ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎሩላት። ግልገሏ አዛጋችና ተኛች።

«ቅርፊት በጨመርን ቁጥር ዋጋቸውን ጨመሩ» አለች ሐመልማል ተሻግረው ሲቀመጡ፤ «ድልድዩ ግን ያው ድልድይ ነው።»

አሮጊቷ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው መዳፏን እያሰሩ ቀና ብለው አዩዋት። «ወደ እኔ ሄደሻል» አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ከገደሉ ማዶ አንድ የውኃ ቦይ ተጋድሞ ነበር፤ የንጉሡ እናት ያስጀመረችው፣ ግማሹ ተቆፍሮ የቀረ። እርሻው እሾህ ለብሷል። ዶማዎቹ ከነዛቢያቸው አፈር ውስጥ ቆመዋል።

«ሰዉ የት ገባ?» አለች ሐመልማል።

«ግንቡ ላይ ነዋ» አሉ እማማ ይርገዱ። « የሚያርሰው ድንጋይ ተሸካሚ ሆነ፤ የሚበላው ግን አልቀነሰም። ግንብ ጫፍ ላይ ጤፍ ይበቅላል?»

«ንጉሥ ምንም ወጪ አያውጣ ነው የምትዪው?»

«አላልሁም! ይህ ቦይ ቢያልቅ የቀረውን ዝናብ ይክስ ነበር። ለቆፋሪ የተከፈለው ቅርፊት እህል ሆኖ ይመለስ ነበር። ወጪ አለ የሚወልድ፤ ወጪ አለ የሚበላ። መካን ላም እየቀለብህ ወተት ለምን ተወደደ ብለህ ነጋዴ አትገርፍም።»

ሐመልማል ወደ አያቷ ቀረብ አለችና «እምዬ፣ ወለላይትን ስታስተኚ ድምፅሽ ይጠፋ ነበር አይደል?» አለች።

«ለአንድ ሌሊት። የዘፋኟን ድምፅ ይዛ ትተኛለች፤ ጠዋት ትመልሳለች።»

«ብዙ ቀን ነቅታ የቆየች ብትሆንስ?»

«ብዙ ትወስዳለች» አሉ እማማ ይርገዱ፤ ተነሥተውም ነጠላቸውን አራገፉ። «ይመሽብናል፤ ተነሺ።»

ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ሐይቁ ታየ። ነጎድጓድ የተባለው ከበሮ ነበር! ጎጆ የሚያህል ከበሮ በዳርቻው ተተክሎ፣ ጎልማሶች በግንድ ይደልቁታል። በደለቁት ቁጥር ወለላይት ትንፈራገጣለች፤ ማር ይመስል የነበረው ገላዋ አመድ መስሏል፤ ከሳሳው ቆዳዋ ቅርፊት ከነደሙ ይረግፋል። ጭነኞች በጆንያ ያፍሳሉ። ንጉሥ ዘምበርያ ራሱ ከጉባኤው በኋላ ለሌላው በዘጋው አጭር መንገድ ገስግሶ መጥቶ፣ ከጥላ ሥር ቆሞ፣ ለአዲሱ ደመወዝና ለአዲሱ ደርብ የሚሆነውን ያስጭናል።

ዘንዶይቱ በሥቃይ ራሷን ከውኃው አነሣች። ሐመልማል ጦሯን ሰበቀች። እማማ ይርገዱ በመካከል ቆሙ።

«መጀመሪያ እኔን ውጊ!»

«እምዬ፣ ምዬአለሁ! ሌባውን ካልወጋሁ እሞታለሁ!»

«ሌባውን ውጊ እንጂ! እያት ይህችን ምስኪን፤ እየወሰደች ነው ወይስ እየተወሰደባት? ይህ ከበሮ በጮኸ ቁጥር እህል ሳይጨምር ቅርፊት ይጨምራል። ያኔ ከያንዳንዱ ድሃ ሌማት አንድ ጉርሻ ይጠፋል። በር አይሰብር፣ ውሻ አያስጮህ፤ እንደዚህ ያለ ሌባ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ሐመልማል ዘንዶይቱን አየች። ከበሮውን አየች። ከዚያ በቆሰለው እጇ ጦሯን ወረወረች። የከበሮው ቆዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ፤ ጦሯም ተሰበረች። በሐይቁ ላይ ዝምታ ወረደ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ንጉሡ ከጥላው ሥር እየሮጠ ወጥቶ። «ለወታደሩ እሺ ብያለሁ! ለግንበኛው እሺ ብያለሁ! ነገ ሲመጡ ምን እሰጣቸዋለሁ?»

ወለላይት ግን ተነሥታ ነበር። እንቅልፍ ማጣት አሳብዷት ውኃውን በጅራቷ ትመታለች፤ ማዕበሉ ጭነኞቹን ከነጆንያቸው ጠራረጋቸው፤ ቆሬ ዘልሎ ገብቶ ሁለቱን በጠጉራቸው ጎተተ። እማማ ይርገዱ ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውኃው ገቡ።

ሐመልማል ልብሳቸውን ያዘች። «አትዝፈኚ እምዬ! ድምፅሽ አይመለስልሽም። አንቺ ካልተቆጣሽኝ ማን ያርመኛል?»

«እስከዛሬስ መች ታረምሽ?» አሉና ጉንጯን ዳበሱ። ከዚያ ዘፈኑ።

«ተኚ ወለላዬ፣ ደክሞታል ገላሽ፣
ያራገፍሽው ይብቃ፣ ይብቀል አዲስ ልብስሽ።
እህል ጎተራውን እስኪሞላ ድረስ፣
ተኚ፣ ማንም መጥቶ እንቅልፍሽን አያፍርስ።»

ደጋገሙት። በያንዳንዱ ዙር ድምፃቸው ሳሳ፤ መጀመሪያ ጉልበቱ ሄደ፣ ቀጥሎ ዜማው፣ ቀጥሎ ጥራቱ። ማዕበሉም አብሮ ሳሳ። ወለላይት አንገቷን አርዝማ መጣችና እንደ ታመመ ልጅ ራሷን በአሮጊቷ ትከሻ ላይ ጣለች። አሮጊቷ ቁስሏን እያሻሹ ወደ ጥልቁ ሸኟት። ዓይኗ ሲከደን፣ በአመዱ ገላዋ ላይ አንዲት ትንሽ ቅርፊት እንደ ማር ጠብታ አበራች።

ሐመልማል እማማ ይርገዱን ተሸክማ ወደ ዳር አወጣቻቸው። «አንድ ቃል፣ እምዬ! ስሜን እንኳ ጥሪኝ!»

የቀራቸው ድምፅ ጥቂት መሆኑን አሮጊቷ አወቁት። ስለዚህ የልጅቷን ስም በጣታቸው ጉንጯ ላይ ጻፉ እንጂ አልጠሩትም። ንጉሡን በእጃቸው ጠሩት። ዘምበርያ በሕፃንነቱ እርሳቸው ያዘሉት ልጅ ነበርና መጥቶ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

«እናቴ ይርገዱ» አለ እያለቀሰ፤ «የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ርስት፣ ቤት፣ በፊቴ ወንበር፤ ሁሉንም እሺ እላለሁ።»

«ዘሙ» አሉ፤ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኖ ነበር። «ወንበርህን ለአጋፋሪህ ስጠው። ስማኝ። ሰውን ከግንቡ አውርደህ ወደ ቦዩ መልስ። ገበያው በአንድ ጀንበር አይድንም፤ ነገ ይጮኹብሃል፣ ይሰድቡሃል፣ ሌላ ከበሮ ሥራ ይሉሃል። ለሁሉ እሺ ስትል አገሬን አስራብሃት። እኔ ድምፄን ሰጥቻለሁ፤ አንተ ደግሞ አንዲት ቃል ትሰጠኛለህ። ጆሮዬ ደኅና ነው። አሁን፣ እዚሁ፣ እየሰማሁህ፣ እምቢ ማለትን ተለማመድ። በል እንጂ፤ እምቢ በል!»