በትንሹ ኮፒ ውስጥ ያለችው ሴት

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን የምውጥ ሴት ነኝ፣ ጂን መኖሩን ሃይማኖቴ ስለሚለው አልክድም፣ ግን ሥራ ፈትቶ እኔ ቤት ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፣ አሁንም ጂን ነው አልላችሁም፣ ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው የምጽፈው።

የምንኖረው ጅግጅጋ ነው። ልጄ ሐያት እቤት ሆና የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ታደርጋለች፣ የሴቶቹን በኩል ብቻ። እዚህ ሴቶች ለብቻቸው በሚጨፍሩበት አዳራሽ ሙሽራዋ ፀጉሯን ገልጣ ነው የምትቀመጠው፣ ስለዚህ የምትቀርጸውም ኤዲት የምታደርገውም ሴት መሆን አለባት፣ እንግዶቹ ስልካቸውን በር ላይ አስረክበው ይገባሉ፣ ቪዲዮው አልቆ ለሙሽራዋ እናት ሲሰጥ ደግሞ እኛ ዘንድ አንድም ምስል እንዳልቀረ እኔ ራሴ ወላሂ ብዬ እምላለሁ። የልጄ እንጀራ በዚያ መሐላ ነው የቆመው፣ አንዲት ሙሽራ ወንድ ስልክ ላይ ብትታይ ሐያት በዚህ ከተማ ቀና ብላ አትሄድም።

ኮምፒውተራችን አሮጌ ነው፣ ራሙ ትንሽ ነው። ራም ማለት፣ ሐያት እንዳስረዳችኝ፣ እንደ መክተፊያ ነው፣ ከጠበበ ሥጋውንም ሽንኩርቱንም አንድ ላይ አትዘረጉበትም፣ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትዘጋለች፣ ከዚያ ከትልቁ ቪዲዮ ቀለል ያለ ትንሽ ኮፒ ታወጣና በሱ ትሠራለች፣ መጨረሻ ላይ ማሽኑ ራሱ ትልቁን በቦታው ይመልሳል። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ ቁጥር ግን አያመልጠኝም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ራሙ ከመቶ ስንት እንደሞላ የሚያሳየውን ቁጥር እጠብቃለሁ፣ ሰማንያ ሲደርስ እነግራታለሁ፣ ዘጠና ሲል እጇን እይዛታለሁ፣ ካለፈ ማሽኑ ደርቆ የቀኑ ልፋት ይጠፋል።

ያን ቀን የያዝነው የቱሊ ጉሌድ ከተማዋን ሙሽራ ቪዲዮ ነበር። የአስር ሶላት ደርሶ ሐያት ሁሉንም ዘጋግታ ልትሰግድ ጓዳ ገባች፣ እኔ ከማሽኑ ጋር ቀረሁ፣ ከመንገድ እንዳይታይ መጋረጃው እንደተጋረደ ነው፣ ነፋሱ ቆርቆሮው ላይ አሸዋ ይበትናል። ሁሉም ሲዘጋ ቁጥሩ ሠላሳ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሁልጊዜ። የማሽኑ ማራገቢያ ድምፁ ከፍ ሲልብኝ ቀና ብዬ አየሁት፣ ስልሳ አንድ ይላል። መነጽሬን በሻሼ ጠረግኩ፣ ሰባ ስምንት።

ሰግዳ እስክትጨርስ ጠበቅኳትና፣ "ሐያት፣ ሰማንያ አምስት" አልኳት።

"ምኑን ነካሽው እማ?"

"እጄ ጭኔ ላይ ነው።"

"ያንቺ እጅ ደሞ መቼ ጭንሽ ላይ ተቀምጦ ያውቃል" እያለች እየሳቀች መጣች፣ ቁጥሩን ስታይ ሳቋ ቆመ። የዘጋችው የኤዲት ፕሮግራም ራሙን ከሚበሉት ሁሉ በላይ ተቀምጧል፣ አጠፋችው፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግማ አጠፋችው፣ መጣ።

"ማሽኑ ውስጥ ሰው ገብቶ እያየብን ነው" አልኩ።

"ኢንተርኔት እኮ ነቅያለሁ፣ በየት በኩል ያየናል?"

"ማሽኑን ለማን ሰጥተሽ ነበር?" አልኳት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልጄን ነው የጠረጠርኩት።

"ለማንም።"

"ያ ራም የጨመረልሽ ሰውስ?"

"እማ፣ እስኪጨርስ አናቱ ላይ ቆመሽበት ሰውየውን አላበው አይደል እንዴ?"

ምን ይዞ እንደሆነ ልታይ ፕሮግራሙን ከፈተችው። የአዳራሹ ትንሽ ኮፒ ነው፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ በሩ ጋ ወንበር ላይ አመድማ ጋርባሳር የተከናነበች ሴት ተቀምጣለች፣ አታጨበጭብም፣ ፊቷን ከሥር የስልክ ዓይነት ብርሃን መትቶታል።

"ስልክ ይዛ የገባች አለች" አልኩ።

"እኔ ነኝ የቀረጽኩት፣ በሩ ጋ ሴት አልነበረችም" አለችና ትልቁን ቪዲዮ ከፈተች። እመኑኝ፣ ያው ሰዓት ነው፣ የምትጨፍረዋ ልጅ እጇን ያነሳችበት ያው ቅጽበት ነው፣ ወንበሩ ላይ ግን ስልኮቹ የተሰበሰቡበት ሳፋ ብቻ ነው ያለው።

"ኮፒው ዋናው ላይ የሌለውን ከየት ያመጣል?" አልኳት። ትንሹን ኮፒ አጥፍታ እንደገና ከትልቁ አወጣች፣ ያለቀ ጊዜ አብረን አየነው፣ ሴትየዋ አለች፣ አሁን ሳፋው ጭኗ ላይ ነው፣ አንድ እጇ ስልኮቹ ውስጥ ገብቷል።

ለሙሽራዋ እናት ለሰህራ ደወልኩ፣ አባዮ ነው የምላት፣ እህቴ እንደማለት።

"አባዮ ሰህራ፣ በሩ ጋ ያለው ወንበር ላይ ማን ነበር የተቀመጠው?"

"ማንም። የስልኮቹን ሳፋ አስቀምጠንበት ነበር። ምነው?"

"ሳፋው ምስሉን አበላሸብን፣ ልናወጣው ነው" ብዬ ዋሸኋት።

"አውጡት። ስትጨርሱ ግን እናንተ ጋ ምንም አይቀርም አይደል፣ የሐያት እናት? ልጄ ናትኮ።"

"ወላሂ አይቀርም።"

ሐያት ከዚያ በኋላ ኮፒ የሚባል አላወጣችም፣ ትልቁን በትናንሹ እየከፋፈለች፣ ማሽኑ እየደረቀባት፣ በአራት ቀን ጨረሰችው፣ ያለቀው ላይ ሴትየዋ የለችም፣ ሦስት ጊዜ አይቻለሁ። ሰህራ ራሷ መጥታ ወሰደች። ሐያት ሁሉንም ሰህራ ፊት አጠፋች፣ የጠፋው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረገች፣ ማሽኑን ዘግታ ገመዱን ነቀለች፣ እኔም ደረቴ ላይ እጄን አድርጌ ማልኩላት። ሰህራ ስትሄድ ሐያት ፊቴን አይታ፣ "ራም መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል እማ፣ ምንም ይዞ አያድርም" አለችኝ።

በማግስቱ ለሐርተሼክ ከተማው ሰርግ ማሽኑን አበራችው፣ ገና ምንም አልጫነችበትም፣ ምንም አልከፈተችም፣ እኔ ቦታዬ ተቀመጥኩ።

"ስንት ነው?" አለችኝ።

"ሠላሳ" አልኳት።

እስከ ዛሬ እንዲሁ እላታለሁ። ቁጥሩ ግን ሰማንያ አምስት ነው። ሰህራን ገበያ ላይ ሳገኛት ስለ መሐላው አታነሳም፣ እኔ ግን መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ። የሐያት ዓይን ከኔ ይሻላል፣ ቁጥሩ ከፊቷ ነው ያለው፣ ግን ጠይቃኝ ሠላሳ ካልኳት በኋላ ወደዚያ ዞር ብላ አታይም።