ለአምፖሉ የተዘረጋች እጅ

ታላቁ ጦርነት በተነሣ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከግንባር የተመለሰው ባቡር ቍስለኞችን ጭኖ ከከተማይቱ ጣቢያ ቆመ፤ በረድፍ የተሰለፉት ጋሪዎችም ጭቃውን እያቦኩ እስከ ጦር ሆስፒታሉ በር ድረስ ያለውን ዳገት ሞልተውት ዋሉ። ሆስፒታሉ ቀድሞ የፈረሰኛ ጦር ሰፈር የነበረ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ለመኮንኖች፣ ታችኛው ለተራ ወታደሮች ተለይቶ፣ ከምድር በታች ያለው ለልብስ አጣቢዎች ተሰጥቶ ነበር። ደም የነካው ነገር ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው፤ ፋሻውም አንሶላውም የሐኪሞቹ ሽርጥም ሶዳ በተጨመረበት የፈላ ገንዳ ውስጥ ሲገለባበጥ ይውላል።

እዚያ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ባልደረቦቿ «እትዬ ስጋት» ይሏታል። ባሏ የሞተባት፣ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር ሌላ የሌላት ናት። ይህን ስም ያወጣችላት ከጎኗ ባለው ገንዳ የምታጥበው፣ ከሣቅ ብዛት «ጥርሷ» የተባለችው ወዳጇ ስትሆን፣ ነገሩም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እትዬ ስጋት ደመና ስታይ ጎርፍ፣ ሳል ስትሰማ ሬሳ ይታያታል። ጣራው ሲንቋቋ ሊናድ ነው፤ ባቡሩ ሲዘገይ ተገልብጧል፤ ልጇ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ሊሰበር ነው። ጥርሷም «አንቺ እኮ ሰርግ ቢጠሩሽ ከፈን ይዘሽ ነው የምትሄጂው» ትላታለች። ሴቶቹ ይሥቃሉ፤ እርሷም አብራ ትሥቃለች፤ ሣቋ ሳያልቅ ግን ዓይኗ ወደ ጣራው ይመለሳል።

ይህች ሁሉን የምትፈራ ሴት ታዲያ ስለ አንድ ነገር ምላ ነበር፤ ልጇ ወደዚያ ምድር ቤት እንዳትወርድ። የራሷ እጆች ሶዳ የበላቸው፣ በብርድ ወራት የሚሰነጣጠቁ፣ መርፌ እንኳ ለመያዝ የማይመቹ ነበሩ፤ የልጂቱ ጣቶች ግን ረጃጅምና ቀጫጭን፣ ቆዳቸውም የጠራ ነበር። ስለዚህ በሻለቃ ማዕረግ የተሾመ አንድ ሐኪም የራጅ መሣሪያ ይዞ መምጣቱንና ረዳት መፈለጉን ስትሰማ፣ የሻለቃውን ሽርጥ ለብቻው አጥባ፣ አንጥታና ተኩሳ፣ በገዛ እጇ ላይኛው ፎቅ ድረስ ወሰደችለት፤ በሩ ላይ ቆማም ልጇን እንዲቀበላት ለመነችው። ሻለቃው ልጂቱ ፊደል መቍጠሯን ጠየቀ፤ ከዚያ አስጠርቶ እጇን እንድትዘረጋ አዘዛት፤ መስኮቱ አጠገብ አቁሞም መዳፏን ገለባብጦ አየው።

«ትሆናለች» አለ።

እናቲቱ ስለ ንጽሕናዋ መሰላትና ደረጃውን እየበረረች ወረደች።

ደስታዋ ግን ሌሊቱን አልዘለቀም። ሲነጋ የመሣሪያው ሽቦ ሊገድላት፣ የአምፖሉ ብርጭቆ ፈንድቶ ዓይኗን ሊያፈስ፣ ከወንድ ጋር ጨለማ ክፍል መዋሏም ስሟን ሊያጠፋ እንደሚችል አሰበች፤ አንሶላ አደርሳለሁ እያለች ላይኛው ፎቅ እየወጣችም በበሩ ስንጥቅ ታሾልቅ ጀመር። ጥርሷ ነገሩን ለሁሉ አወራችው። ሻለቃው ራሱ አንድ ቀን በሩን ድንገት ከፍቶ እትዬ ስጋትን እንዳጎነበሰች አገኛት፤ በአስታማሚዎቹም ፊት የዓይን ሕመም እንዳለባት ጠይቆ አሣቀባት። ልጂቱ ማታ አለቀሰች። «እማዬ፣ አታዋርጂኝ። እኔ እንደ ሰው እየሠራሁ ነው» አለቻት። እናቲቱም ከዚያ በኋላ ወደ በሩ እንደማትቀርብና አፏን እንደምትዘጋ ቃል ገባችላት።

ልጂቱ የክፍሉን ነገር በደስታ ነበር የምታወራላት። መጋረጃው ይወርዳል፤ መሣሪያው ይጮኻል፤ አምፖሉ አረንጓዴ ብርሃን ይተፋል፤ ከቍስለኛው ወዲህ በተተከለችው ሰሌዳ ላይ ሥጋው እንደ ጭጋግ ሳስቶ አጥንቱ ይታያል፤ ጥይቱም እንደ ሽንብራ ፍሬ ጠቍሮ የተቀመጠበትን ያሳብቃል። እናቲቱ ነፍስም ይታይ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«አይ እማዬ፤ እስካሁን አጥንት ብቻ ነው።»

አምፖሉ ግን አመለኛ ነበር። ጠዋት የደከመው ቀትር ላይ ይበረታል፤ ትናንት የታዘዘው ዛሬ አሻፈረኝ ይላል። ስለዚህ ቍስለኛው ከመቅረቡ በፊት የሰው ባዶ እጅ በአምፖሉና በሰሌዳው መካከል ይዘረጋል፤ አጥንቱ ጠቍሮ፣ ሥጋው ነጥቶ ከታየ አምፖሉ ተስማምቷል ማለት ነው። የዚያ ዘመን የራጅ ሐኪሞች ልማድ ይህ ነበረ። ሻለቃውም በወጣትነቱ የገዛ እጁን ሲዘረጋ ኖሮ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ደርቋል፤ ጥፍራቸውም ወልቋል። በሌላ አገር ያሉ የሙያ ጓደኞቹ መጀመሪያ ጣታቸውን፣ ቀጥሎ ክንዳቸውን፣ በመጨረሻም ሕይወታቸውን ማጣታቸውን በሐኪሞች ጋዜጣ አንብቦ እርሳስ የተባለው ብረት የተለበጠበት ጓንት አስመጥቶ ነበር። እርሳስ ደግሞ ጨረሩን አያሳልፍም፤ ጓንት ባጠለቀ እጅ አምፖል አይፈተንም። ባዶ እጅ የግድ ነው፤ ባዶ እጅም አገኘ። ባቡር በገባ ቍጥር ልጂቱ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ለእያንዳንዱ ቍስለኛ፣ ያችን የጠራች ቀኝ እጇን ትዘረጋለች፤ ሻለቃው ጓንቱን አጥልቆ ከበስተኋላ ቆሞ ያያል። ስለ ጓደኞቹ ዕጣ አንድ ቃል አልነገራትም።

ወራት እንዳለፉ የእጇ ጀርባ ቀላ። ቀጥሎ ደረቀ፤ ጠጕሩ ረገፈ፤ በመገጣጠሚያዎቹ ላይም ቆዳው ተሰነጠቀ። ልጂቱ ለጥቂት ቀናት በሻሽ ደበቀችው፤ በመጨረሻ አንድ ምሽት ፈርታ ለእናቷ ገለጠችላት።

እትዬ ስጋት እጁን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችውና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትደነግጥ ቀረች። ይህን ታውቀዋለቻ! ይህ ዕድሜ ልኳን በራሷ እጅ ላይ ያየችው ነው። ልጇ ከሰሌዳው ሌላ የራጅ ፎቶግራፎችን በመድኃኒት ታጥብ እንደነበር ትዝ አላት።

«መድኃኒቱ ነው የበላሽ» አለቻት ፈገግ ብላ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው። አዲስ እጅ ሁሉ መጀመሪያ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይለምዳል።»

«ልተወው እንዴ እማዬ? እውነቱን ንገሪኝ። ያቃጥለኛል።»

«ትተሽ ወዴት? ወደ እኔ ገንዳ? ሰው በትንሽ ቍስል እንጀራውን አይረግጥም።»

ልጂቱ እናቷን ትኩር ብላ አየቻት። ጠብታ ውሃ ጎርፍ የሚመስላት እናቷ ካልፈራች፣ በእርግጥ የሚያስፈራ ነገር የለም ማለት ነው፤ እንዲያ ብላ ተጽናናች። እናቲቱም ዘይትና ሰም አቅልጣ፣ አጣቢዎች እርስ በርስ የሚቀባቡትን ቅባት ሠራችላት፤ ሌሊት ሌሊት በጨርቅ ትጠቀልልላታለች፤ ጠዋት ፈትታ፣ ግንባሯን ስማ ወደ ላይኛው ፎቅ ትልካታለች።

በመጸው አንድ ጄኔራል ሆስፒታሉን ሊጎበኝ መጣ፤ የእህቱ ልጅ የሆነ መቶ አለቃም በጭኑ ጥይት ገብቶ እዚያ ተኝቶ ነበር። ሐኪሞቹ ሁለት ጊዜ ከፍተው ጥይቱን አጥተውት፣ እግሩን ሊቈርጡ ቀን ቀጥረዋል። ሻለቃው ይህን ዕድል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነውና መኮንኖቹን ሁሉ ወደ ጨለማው ክፍል አስገባ። አምፖሉ ግን ያን ቀን አልታዘዝ አለ። ልጂቱ እጇን ዘረጋች፤ ሻለቃው አስተካከለ፤ እንደገና ዘረጋች። እንግዶቹ የሰው አጥንት ሲንቀሳቀስ አይተው አያውቁም ነበርና ጣቶቿን እንድታጥፍ፣ እንድትዘረጋ፣ ብርጭቆ እንድትይዝ ጠየቋት። ጄኔራሉ ቀለበት አጥልቃ እንድታሳየው የራሱን አውልቆ ሰጣት።

«ሥጋዋ ባይኖርም ታምራለች» አለ፤ መኮንኖቹም ሣቁ።

ልጂቱ እጇ እየነደደ ፈገግ አለች። በመጨረሻ አምፖሉ ተስማማ፤ ጥይቱ ከዳሌው አጥንት ሥር ተደብቆ ተገኘ፤ መቶ አለቃው እግሩ ተረፈለት። ሻለቃው ኮሎኔል ሆነ። ለልጂቱ ከጄኔራሉ ዘንድ አንድ ጥንድ የሐር ጓንት ተላከላት፤ ቀኙ ግን ባበጠው እጇ ላይ አልገባ አለ።

ቍስሉ ከዚያ በኋላ አልዳነም። ጠቍሮ እንደ ኪንታሮት አበቀለ፤ ሽታ አመጣ፤ ሕመሙ እንቅልፍ ነሣት። ሌባ ጣቷን ቈረጡት፤ ክረምት ሳይገባ እጇን ከአንጓው ላይ ቈረጡት፤ ብብቷ ሥር እብጠት ሲወጣ ደግሞ ክንዷን ከትከሻዋ አወረዱት። ገና በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ማግስት ሌላ ልጅ ከታችኛው ፎቅ ተመርጣ ቦታዋን ይዛ ነበር።

እትዬ ስጋት ያን ጊዜ ወደ ኮሎኔሉ ወጣች። እንደ ቀድሞው በሩ ላይ አልቆመችም፤ ገብታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ጌታዬ፣ ልጄን ምንድን ነው የበላት?»

ኮሎኔሉ ከወንበሩ አልተነሣም። ድምፁም አልከፋም፤ የጠየቀችውን ነገር እንዳሰበበት ሰው ነበር የመለሰላት።

«ጨረሩ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሥራዬ ነው። አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው አልነገሯት?»

«እጇ ሲቀላ አይቼ ጠየቅኋት። ‹እናቴ የመድኃኒቱ ነው፣ ይለምዳል ብላኛለች› አለችኝ። ሁሉን የምትፈራው እናቷ ካልሠጋች እኔ ምን ቤት ነኝ? አንቺ እኮ በበሩ ስንጥቅ ስታዪ ነበር። በዚያው ብትቀጥዪ ይሻል ነበር።»

እትዬ ስጋት ለምዶባት ይሁን ወይም ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት፣ ወንበሩ ላይ የተጣለውን የቆሸሸ ሽርጥ አንሥታ ወጣች። ያን ሽርጥ በዕለቱ እንዳጠበችው ጥርሷ አይታለች፤ አልሣቀችም።

ልጂቱ የሞተችው እብጠቱ ወደ ደረቷ በዘለቀ ጊዜ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የሌለው እጇ ያሳክካት ነበርና እናቷን እንድትቀባላት ትለምናታለች፤ እትዬ ስጋትም ዘይቱንና ሰሙን እያቀለጠች፣ ክንድ ባልነበረበት አንሶላ ላይ ጣቷን እያንሸራተተች ስትቀባ ታድራለች። ልጂቱ «አሁን ተሻለኝ» ትላታለች። አንድ ጊዜም አልወቀሰቻትም፤ እናቲቱን የጎዳት ከሁሉ ይልቅ ይህ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ። በዚያ ሆስፒታል በራጅ የተገኙት ጥይቶችና የዳኑት እግሮች በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ ገቡ፤ መቶ አለቃው በሁለት እግሩ ቆሞ የልጅ ልጆቹን ሰርግ አየ። የኮሎኔሉ የደረቁ ሁለት ጣቶች ለሳይንስ የተከፈለ መሥዋዕት ተብለው ኒሻን አስገኙለት፤ ሲሞትም ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሐውልት ቆመለት፤ በጽሑፉም ላይ «ራሱን ሳይሰስት» የሚል ቃል ተቀረጸ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሐኪሞች ባዶ እጅ መዘርጋትን ደንብ አውጥተው ከለከሉ፤ ደንቡ በማን እጅ እንደ ተገዛ ግን አልጻፉም። የአጣቢ ልጅ በታሪክ ውስጥ ብትገኝ «አንዲት ረዳት» ተብላ ነው፤ ያውም ካልተዘለለች። እናቲቱን ማንም ጠይቋት አያውቅም። ታሪክ ጸሐፊ መጥቶ፣ ልጅሽን ማን ገደላት ብሎ ቢጠይቃት እንኳ ኮሎኔሉን አታነሣም ነበር፤ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ታሳየውና፣ «እኔ ነኝ፤ አውቀዋለሁ ብዬ ሳልፈራላት ቀረሁ» ትለው ነበር።