የማይዘጋው መጽሔት

ስሙኝማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ተዉኝ እባካችሁ» ብዬ ከመቀመጫዬ የምነሳ ሰው ነኝ፤ አዲስ አበባ ኤሌክትሪሺያን ሳለሁ ስንት «ጋኔን አለበት» የተባለ ቤት ገብቼ ያገኘሁት የላላ ሽቦ ብቻ ነው። አሁን እዚህ አሜሪካ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ በስትሮክ አንደበታቸው የተያዘ አንድ የጃፓን ሽማግሌ እንከባከባለሁ፣ የምነግራችሁም እሳቸው ቤት በጠራራ ፀሐይ የደረሰብኝን ነው።

አቶ ኬንጂ፣ አቶ ያልኳቸው እኔ ነኝ፣ ነፍሳት በሚበሉ ተክሎች ፍቅር የተለከፉ ሰው ናቸው። ጃፓን ውስጥ የእነዚህ ተክሎች ወዳጆች ማኅበር አለ፣ መጽሔቱ በፖስታ ይመጣላቸዋል፣ እኔም አንዲት ቃል ማንበብ ሳልችል እየገለጥኩ ሥዕሉን አሳያቸዋለሁ። መስኮታቸው ላይ ጫፉ በተሸረፈ ሸክላ የቀረቻቸው አንዲት ተክል ነበረች፤ ክዳን ያላት ትንሽ ማሰሮ የምትመስል፣ ዝንብ ከገባባት የማይወጣ። ከመታመማቸው በፊት ፎቶ አንስተዋት ለማኅበሩ ልከው ነበር።

ባለቤቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል እያመጣች «ለሽማግሌው ግንባራቸውን አብስልኝ» ትለኛለች። አብሳቸዋለሁ፣ ፈገግ ይላሉ። የተረፈውን ግን ሲንክ ውስጥ መድፋት እጄ እምቢ አለኝ፣ እመኑኝ፣ እኔ ነኝ እንግዲህ የማላምነው፤ እግር የማይረግጠው ቦታ ስፈልግ ተክሏ ሥር አፈስሰው ጀመር።

የማታውን ሺፍት የምትረከበኝ ሰሎሜ አንድ ቀን የጠወለገውን ቅጠል አይታ ጮኸች።

«ጋሼ ታዬ፣ ምን አጠጧት? ዲስቲልድ ዋተር፣ የተጣራ ውሃ ብቻ እኮ ነው! የቧንቧ ውሃ ይገድላታል!»

«ጸበል ነው» አልኳት።

«ጸበሉስ ከየት ተቀዳ?»

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለው ቧንቧ ትዝ አለኝ። ተክሏ ብዙም ሳትቆይ ደረቀች፣ ሽማግሌውም ምግብ እምቢ አሉ።

ከዚያ አዲሱ መጽሔት መጣ። ስገልጠው ያቺው ተክል፣ ያው መስኮት፣ ያው ጫፉ የተሸረፈ ሸክላ፣ እሷም አረንጓዴ እንደሆነች፤ እሳቸው ያነሱት ፎቶ ነበር። ዓይናቸው በራ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ሳለሁ የዝንብ ድምፅ ሰማሁ። ማሰሮ ውስጥ እንደተዘጋባት ዝንብ ጥዝዝ ይልና የሆነ ነገር መትቶ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። መስኮቱን ፈተሽኩ፣ አምፖሉን ፈተሽኩ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከሶኬት ነቀልኩ። ጎንበስ ስል ለካ ከገጹ ነው።

ተቀምጬ መጽሔቱን ጉልበቴ ላይ ዘጋሁት። ድምፁ ቆመ፣ የሽማግሌውም ትንፋሽ አብሮ ቆመ። ደረታቸው ላይ እጄን ጫንኩ፣ ምንም የለም። አምቡላንስ ልጠራ ስልኬን ስጎትት መጽሔቱ ከጉልበቴ ወደቀና ያው ገጽ ላይ ተገለጠ፣ ጥዝዝ አለ፣ እሳቸውም አየር ሳቡ።

ሰሎሜ ስትመጣ ነገርኳት፣ ሳቀችብኝ። «ስትሬስ አድርገው ነው፣ ኦፍ ይውሰዱ እንጂ!» አለችና መጽሔቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ፊቷን ባያችሁት! የሽማግሌው ትንፋሽ ሲቆም በሁለት እጇ መልሳ የገለጠችው ራሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ስትገባ ከሽማግሌው በፊት የምታየው ገጹን ነው።

ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ትንፋሽ ቆረጥ ማለቱ ያጋጥማል አለን። ይሁንለት።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ገጹ ሌት ተቀን ተገልጦ ስለሚቆይ ቀለሙ እየለቀቀ ነው። መጋረጃ ዘጋሁ፣ መስታወት ጫንኩበት፣ አልሆነም፤ አረንጓዴው ገርጥቶ ገርጥቶ ክዳኗ ብቻ ነው በደንብ የሚታየው። ከማኅበሩ ሌላ ቅጂ አስመጣን፣ እሱ ዝም ያለ ወረቀት ነው። ሽማግሌው ገጹን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ፣ የሚያውቁ ይመስለኛል፣ እኔም እጃቸውን ይዤ ከመቀመጥ በቀር የማደርግላቸው ነገር የለም። ትናንት ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን ወረቀቱ ላይ መለጠፍ ነበረብኝ።