ከፎቶው ሥር የተጻፉት አምስት ቃላት

«ይህ ደብተር የማን ነው?»

ካድሬው ጓድ ሰይፈሥላሴ ደብተሩን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ጵርስቅላ ወንበሩ ከሥሯ የከዳት መሰላት። ደብተሩ ስም አልተጻፈበትም። ስሟን መጻፍ ስለምትረሳ ቲቸር ብዙነህ ዓመቱን ሙሉ ሲቆጧት ከርመዋል፤ ዛሬ ግን መርሳቷ አተረፋት። ለጊዜው።

ደብተሩን የለበደችው እናቷ ስኳር ባመጣችበት ጋዜጣ ነው። ገጹ ላይ ስድስት ጓዶች መድረክ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። ከእግራቸው ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ቦታ አለ። ትናንት ቲቸር ብዙነህ መጥፎ ነገር የሚገልጹ አምስት የእንግሊዝኛ ቅጽሎች አስተምረው፣ «ሽፋኑ ላይ ጻፏቸው፤ ደብተሩን ባያችሁ ቁጥር ታስታውሷቸዋላችሁ» ብለው ነበር። ሌሎቹ የሽፋኑ ጀርባ ላይ ጻፉ፤ ጵርስቅላ ግን ከፊት ለፊት ነጩን ቦታ አየች እንጂ ፎቶውን ልብ አላለችውም። በቀይ እስክሪብቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አሳምራ ጻፈች፦ ክሩኤል፣ ግሪዲ፣ ኮራፕት፣ ዴንጀረስ፣ ሃርምፉል። ጨካኝ፣ ስግብግብ፣ ጉቦኛ፣ አደገኛ፣ ጎጂ።

ደብተሮቹ ሊታረሙ ጠረጴዛው ላይ በተቆለሉበት ቀን ካድሬው ለቁጥጥር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

«የሌሎቻችሁን አይቻለሁ» አለ ሰይፈሥላሴ። «አንዱ በኳስ ተጫዋች ለብዷል፣ አንዱ በሎተሪ ዕጣ ዝርዝር። ይሄኛው ግን በጓዶች ነው የለበደው። ከሥራቸውም በፈረንጅ አፍ አወድሷቸዋል። እስቲ ጓድ መምህር፣ ተርጉምልን። ክሩኤል ምንድን ነው?»

በቲቸር ብዙነህ እጅ ላይ ጠመኔው ለሁለት ተሰበረ።

«ቆራጥ» አሉ።

«ግሪዲ?»

«ሥራ... ሥራ የማይጠግብ።»

«ኮራፕት?»

ቲቸር ጣሪያውን አዩ። «የማይበገር።»

«ዴንጀረስ?»

«አደገኛ» ካሉ በኋላ ነው የነቁት። «ለጠላት» ብለው ጨመሩ።

«ሃርምፉል?»

«ሕዝብ ወዳድ።»

ማንም አልሳቀም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ተማሪ ሁሉ ትናንት የተማረውን ባንዴ ረሳ። ሰይፈሥላሴ ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ ቃላቱን ከነትርጉማቸው አንድ በአንድ ገለበጠ።

«ቅዳሜ በአውራጃው አዳራሽ ስብሰባ አለን» አለ። «እንግሊዝ አገር አምስት ዓመት የተማሩ ጓድ ከበላይ አካል ይመጣሉ። የደብተሩ ባለቤት መድረክ ላይ ወጥቶ ያሳያቸዋል፤ ይሸለማልም። እህ፣ የማን ነው?»

ጵርስቅላ አንገቷን ደፋች። ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ።

«የኔ ነው ጓድ።»

አክሊሉ ነው። ትናንት ከአባቱ ጋር ቦኖሻ ገበያ ውሎ ከትምህርት የቀረው ብቸኛ ተማሪ። ሽልማት የሚባል ነገር ከሰማ የሌላ ሰው ልደት ላይም ከመቆም የማይመለሰው አክሊሉ። ሰይፈሥላሴ ስሙን ሽፋኑ ላይ ጻፈለት። ከኪሱ ማኅተም አወጣ፤ እፍ እፍ አለበትና ልክ «ግሪዲ» ከሚለው ቃል አጠገብ መታው። ፈረመበትም።

ሲደወል ቲቸር ብዙነህ ጵርስቅላን በር ላይ አገኟት። ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ባንዲራው እያዩ ነበር የተናገሩት።

«እጅ ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁ። እኔ ቅዳሜ ወባ ይነሣብኛል። አንቺም ይነሣብሽ።»

«አክሊሉስ ቲቸር?»

ቲቸር ፈጠን ብለው ሄዱ። ኮታቸው ጀርባ ላይ ላብ ሰርጾ ይታያል።

አክሊሉን ከግቢው አጥር ሥር አገኘችው። ደብተሩን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ተናደሽብኛል አይደል?» አለ። «ዝም አልሽ እኮ። ቦርሳ ከሸለሙኝ ቦርሳው ላንቺ፣ እስክሪብቶው ለኔ።»

«አንተ ፋራ፣ ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

ነገረችው። አምስቱንም፣ በሹክሹክታ። አክሊሉ ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

«እናቃጥለው» አለ በመጨረሻ።

«ቅዳሜ ሲጠይቁህስ? ማኅተም ያለበት ነገር አቃጠልኩ ልትል ነው?»

«እንግዲያው ያንቺ ነው እ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሣር ነጨ። «አባትሽ ገና ባለፈው ወር ነው የተፈቱት አይደል?»

አባቷ የታሰረው ጸሎት ቤታቸው ሲታሸግ ነው። አራት ወር። የሚታሰሩትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዞ የመጣው ይኸው ሰይፈሥላሴ ነበር። አባቷ ከተፈታ ወዲህ የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር የያዘውን ማንኪያ ያስቀምጣል፤ ኮቴው እስኪያልፍም አያነሣውም።

«አልገባኝም ነበር እላለሁ» አለ አክሊሉ። «ደግሞ እውነቴን ነው። ሂጂ አንቺ።» ለመሳቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው።

ጵርስቅላ እጇን ዘረጋች። «ደብተሩን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«ስጠኝ ብቻ።»

የወጣት ማኅበሩ ቢሮ ከገበያው ማዶ ነው። በእግር አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ እሷ ግን ሁለት ጊዜ ተመልሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀባት። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ድምፅ ሰማችና ቆመች።

ሰይፈሥላሴ ብቻውን ነው። ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ማስታወሻውን በአንድ እጁ ይዞ፣ የቅዳሜውን ንግግር ይለማመዳል።

«ጓዶች፣ እኛ ክሩኤል ነን» ይላል። ጉሮሮውን ጠረገ። «እኛ ግሪዲ ነን። ሁላችንም ኮራፕት ነን። ነገም ከዛሬ የበለጠ ሃርምፉል እንሆናለን።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። አሁን ግን እንግሊዝ አገር የተማሩት ጓድ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ ታያት። ቀስ ብላ ዞራ ብትሄድ፣ ቅዳሜ ወባ ቢነሣባት፣ ሰይፈሥላሴ በገዛ አፉ ጉድጓዱን ይቆፍራል። ለአባቷ አራት ወር ይህ ይበዛበታል? አይበዛበትም። ለራሷም እንደዚያ ብላ መለሰች።

ግን ጉድጓዱ አንድ ሰው ብቻ ውጦ አይደፈንም። «ማን ተረጎመልህ?» ይሉታል። «ማን ጻፈው?» ይሉታል። ሽፋኑ ላይ የአክሊሉ ስም አለ።

ማኅተሙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ቀለሙ ደርቋል፤ ፊርማው ግልጽ ብሎ ይነበባል። ነገሩ ቢወጣ እሱም አብሮ ተጠያቂ ነው። ይህን ሲያይ ወይ ይጮኻል፣ ወይ ዝም ይላል። የቱን እንደሚመርጥ አታውቅም።

በሩን አንኳኳች።

«ማን ነው? ግባ። አሃ፣ አንቺ ደግሞ ምን ፈለግሽ?»

«ጓድ ሰይፈሥላሴ፣ የደብተሩ ባለቤት እኔ ነኝ» አለች። «ስለ ቃላቱም ብቻዎን ሆነው ቢሰሙኝ ይሻላል።»

ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።