ደርቋል

ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ኢሕሳን ለብ ባለ የጨው ውሃ አርሳ አርሳ ቀስ ብላ ሳበችው። አባቷ ኑሬ ስልኩን ከመነካካት ቀና እንኳ አላለም። የስኳር በሽታው የእግሩን ስሜት ከወሰደበት ቆይቷል፤ አዲስ ጫማ ልጦት የጀመረው ቁስል ከተከፈተ ጀምሮ አንድም ቀን «አመመኝ» ብሎ አያውቅም።

ዛሬ ግን ፋሻው ሲነሳ ሽታ መጣ። ቀላል ነው፤ አፍንጫ ካላቀረቡ አይታወቅም። ከትንሿ ጣት ተነስቶ ወደ ቁርጭምጭሚቱ የሚወጣ ቅላትም አየች።

«አባ፣ ይሄ ትናንት አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ቅላቱ። ሽታም አለው።»

«ቀኑን ሙሉ ፍሬን ሲረግጥ የሚውል እግር ምን ምን እንዲል ፈለግሽ?» ሳቀ። «አያመኝም እኮ። እሰሪልኝና ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

አሰረችለት። እናቷ ዋፊቃ አያቷን ልታስታምም ሻሸመኔ ከሄደች ወዲህ ምግቡም፣ ልብሱም፣ ቁስሉም የእሷ ሆኗል። እናቷ በየምሽቱ ትደውላለች፤ «የአባትሽ እግርስ?» ትላለች። ኢሕሳንም አባቷ በይ እንዳላት «ደርቋል» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ቃሉ ከአፏ አልወጣ ይላት ነበር። አሁን ልምድ ሆኖባታል።

ባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ፣ ዓይኗ ሊከደን ሲል እየመለሰችው ተቀምጣለች። መምህር ጫምሳ ሰሌዳው ላይ ነጠብጣቦች ይስላሉ።

«እነዚህ ባክቴሪያዎች መርዝ የሚያመርቱበት ጂን አላቸው፤ ግን ዝም ብለው አይከፍቱትም» አሉ። «ጥቂት ሆነው መርዝ ቢረጩ ሰውነት ወዲያው ያውቅባቸዋል፣ ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ዝም ብለው ይባዛሉ። እየተባዙ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ኬሚካል ወደ ውጭ ይለቃሉ። ብዙ ሲሆኑ ኬሚካሉም ይበዛል። ያኔ ‘በቅተናል’ ማለት ነው፤ ሁሉም ጂናቸውን በአንድ ጊዜ ይከፍታሉ።»

«ቲቸር፣ ግሩፕ ቻት አላቸው በሉና!» አለች ከኢሕሳን አጠገብ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሜቲ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩም ሳቁ።

ኢሕሳን አልሳቀችም። እንቅልፏ ጠፍቷል። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ቁስል ላይም እንደዚህ ያደርጋሉ?»

«ቁስል ላይማ ዋና ቦታቸው ነው።»

«ሰውየው የማያመው ከሆነስ?»

መምህር ጫምሳ ጠመኔውን አስቀመጡ። «አለማመሙ ስለ እነሱ ምንም አይነግረንም። ጸጥ ያሉት ስለሞቱ ሊሆን ይችላል፤ ገና እየተባዙ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። ከውጭ የሚታየን ጂኑ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው ነው፤ እብጠት፣ ቅላት፣ ሽታ።»

ደወሉ ሲደወል ኢሕሳን ቦርሳዋን አነሳች።

«የት ነው?» አለች ሜቲ። «ከሰዓት የማትስ ፈተና አለ እኮ። ፈያ ነሽ? ደህና ነሽ አይደል?»

«አባቴ ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«ለፈተናው አትደርሺም፣ አታካብጂ። ማታ ታገኚው የለ እንዴ?»

ኢሕሳን ወጣች።

መናኸሪያው ውስጥ የአባቷ ሚኒባስ ለአሰላ ተራ ይጠብቃል። ኑሬ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ጎን ባለው ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። በሩን ስትከፍተው ሽታው ቀድሞ ተቀበላት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ሐኪም ቤት እንሂድ አባ። አሁን።»

«ተራዬ ደርሷል እኮ ልጄ።»

«ተራ ይቀየራል። እግር አይቀየርም።»

ኑሬ ዙሪያውን አየ፤ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሾፌሩን ዲዳን ታውቂዋለሽ አይደል? ከእኔ ጋር ስንት ዘመን የነዳ ሰው ነው። በጣት ቁስል ገባ፣ ያለ እግር ወጣ። እኔ ያለ እግር ምንድን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ።»

እንዲህ ፈርቶ አይታው አታውቅም። ልቧ ትንሽ ላላ፤ አሁን ወደ ክፍሏ ብትመለስ ለፈተናውም ልትደርስ ትችላለች። ግን ቅላቱ ከፋሻው በላይ ወጥቷል። ጠዋት ስታስረው ከፋሻው በታች ነበር።

«ዲዳ ሽታውን በሽቶ ሲደብቅ ከርሞ ነው የገባው» አለች። «አንተው ነህ የነገርከኝ። አባ፣ የገባው ዘግይቶ ነው።»

ኢሕሳን ስልኳን አወጣች።

«ለማን ነው?» አላት። «ኢሕሳን! ተነጋግረናል እኮ!»

እናቷ ወዲያው አነሳች።

«እማ» አለች ኢሕሳን። «የአባ እግር አልደረቀም። ደርቆም አያውቅም።»

«ለአባትሽ ስጪው» አለች ዋፊቃ።

ኑሬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ብዙ ቆየ። የተናገረው «እሺ» ብቻ ነው። ስልኩን ሲመልስ ልጁን አላያትም። ተራ አስከባሪውን ጠርቶ «ቀጣዩን አስገባ» አለው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ እያነከሰ ወረደ። ባጃጅ ውስጥ ኑሬ ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ ሆስፒታል ደረሱ።

ሐኪሟ ቁስሉን ከፍታ አይታ ነርሶቹን ቶሎ ጠራች። ሲያጸዱት፣ መድኃኒቱን በደም ሥሩ ሲሰጡት ኢሕሳን ኮሪደር ላይ ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጣች።

«ትንሿን ጣት የምናተርፋት አይመስለኝም» አለቻት። «እግሩን ግን ደርሰንበታል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ እንዲህ አልልሽም ነበር።»

ይህንኑ ለኑሬ ነግራዋለች። ኢሕሳን ስትገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ወንበር ስላልነበረ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቷ መንገድ ላይ ናት። ዩኒፎርሟ ላይ የመድኃኒት ጠብታ ደርቋል፤ ጀርባዋ፣ ዓይኗ፣ ጣቶቿ ሁሉ ዝለዋል።

ስልኳ ጠራ። ሜቲ ነበረች።

«የት ጠፋሽ? ፈተናው አለቀ እኮ! ስሚ፣ ቲቸር ዘርፉ የቀረውን ሁሉ ዜሮ ነው የምሰጠው፣ ከታመመ በስተቀር ብላለች። ታማለች ልበላት? ስትወጪ ያስመልስሽ ነበር እላታለሁ። ታምነኛለች፣ ሙድሽም ልክ አልነበረም።»

ቀላል ነበር። አንድ «እሺ» ብቻ ይበቃል።

«አልታመምኩም» አለች ኢሕሳን። «አባቷ ታሞ ሆስፒታል ነው፣ እሱ ጋ ናት በያት።»

«እሱን ካልተቀበለችስ?»

«እኔ ነገ አናግራታለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ጭንቅላቷን የአልጋው ብረት ላይ አስደገፈች። ኑሬ አሁንም ግድግዳውን እያየ ነው። ትንሽ ቆይቶ፣ ሳይዞር፣ ከራሱ ሥር ትራሱን ሳበና ወደ እሷ ገፋላት።