የሸዕባን የብቻ ድስት

ኢንስፔክተር ሰብሌ ጋሸና የደረሰችው አስከሬኑ ሳይታጠብ ነበር። የመንገድ ዳሩ ምግብ ቤት ባለቤት ሸዕባን በጓዳው ውስጥ ሁለት ፍራሽ ተገናኝቶለት ተጋድሟል። አፉ ወደ ግራ ተጣሟል።

«አብልታ ገደለችው» ይላል ከደጅ የተሰበሰበው ሰው። «ለእሱ የብቻ ድስት ትጥድለት ነበር።»

ሚስቱ ፈትሂያ ከግድግዳው ተለጥፋ ተቀምጣለች። ልጆቿን ጎረቤት ደብቆላታል። ሰብሌ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ ለምን ለብቻው ትሠሪለት ነበር?»

«ጨው እንዳይበላ ብዬ ነዋ። ጤና ጣቢያ ‹ግፊት አለብህ፤ ውፍረቱን ካልቀነስክ አይለቅህም› አሉት። አገሩ ግን ‹አማረብህ› ይለዋል። እኔ ስናገር ‹ልታከሺኝ ነው?› እያለ ይስቅብኛል።»

«ከድስቱ ሌላ ማን በላ?»

«እኔ። የበሽተኛ ምግብ እንዳይመስለው ሁልጊዜ አብሬው እበላለሁ።»

«ክኒኑንስ ይውጥ ነበር?»

«ወንድሙ ሂሻም ‹ግፊትህ ወርዷል› ካለው ወዲህ ተወው።»

ከደጅ የተወረወረ ድንጋይ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አረፈ። ፈትሂያ ራሷን በእጆቿ ሸፈነች።

«እህቴ፣ እኔ ብታሰር ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?»

ሰብሌ ተነሳች። ሂሻምን አስጠራችው። ቀጭን ነው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል።

«ዛሬ ጠዋት ግፊቱን ለካሁት» አለ። «መቶ ሃያ በሰማንያ። እንደ ጎረምሳ ነበር። ከእሷ ጋር ቁርስ ሲበላ አይቼው ወጣሁ። ወዲያው ‹ራሴን› ብሎ ወደቀ አሉኝ።»

«በምን ለካኸው?»

«ከደሴ ባመጣሁት ማሽን። ጤና ጣቢያ መመላለስ ሰልችቶት ነበር።»

የጤና መኮንኑ አረጋ ሰብሌን ወደ ጎን ወሰዳት። «የአፉ መጣመም ደም ግፊት ጭንቅላቱን የመታው ሰው ምልክት ነው። ግን ጠዋት ግፊቱ ደህና ከነበረ እኔም እፈራለሁ። መርዝ አይደለም ብዬ መፈረም አልችልም።»

«ልጄ፣ ሰዉ እየባሰበት ነው» አሉ ሼህ መሐመድኑር ከበሩ። «ሳይመሽ እንቅበረው።»

ሰብሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ኮት አገላበጠች። የሁለቱም እጅጌ ስፌት ተተርትሮ በመሃሉ ሌላ ጨርቅ ገብቶበታል። ክንዱ ከእጅጌው በላይ ወፍሮ ነበር።

«ማሽኑን አምጣ» አለችው ሂሻምን። «ደጅ ያሉት ሽማግሌዎችም ይግቡ።»

ጓዳው ሞላ። ሰብሌ የማሽኑን የክንድ መጠቅለያ ለሼሁ ሰጠቻቸው። «እኔ ልነካው አይገባም። እባክዎ ክንዱ ላይ ይጠምጥሙት።»

ሼሁ አዞሩት። አልደረሰም። ቢስቡትም በሁለቱ ጫፎች መካከል የሸዕባን ክንድ መዳፍ ያህል ተራቁቶ ቀረ።

«ካልተያያዘ ሲነፋ ይፈታል፤ ቁጥርም አይሰጥም» አለች ሰብሌ። «አቶ አረጋ፣ ተሳሳትኩ?»

«ልክ ነው። እኛ እሱን የምንለካው በሰፊው መጠቅለያ ነበር።»

«እንግዲህ መቶ ሃያ በሰማንያ የሚባል ነገር አልነበረም። መርዝ የጠረጠርነው ደግሞ በዚያ ቁጥር ምክንያት ነው። ቁጥሩን ተዉትና ሰውየውን ተመልከቱ። እየወፈረ ሄደ፤ ግፊቱም አብሮ። በውሸት ቁጥር ተማምኖ መድኃኒቱን አቆመ። ራሱን አመመው፤ ወደቀ። ከዚያው ድስት የበላችው ሚስቱ ይህችው ደህና አለች።»

ሰው ሁሉ ወደ ሂሻም ዞረ።

«መጀመሪያ ቀን መጠቅለያው አልደርስ ሲል ፊቱ ተለወጠ» አለ ሂሻም። «‹ይህን ያህል ሆንኩ?› አለኝ። አሳዘነኝ። ጫፉን በእጄ ይዤ ደስ የሚለውን ቁጥር ነገርኩት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልመለስ? ዛሬ ሰዉ እሷን በድስቱ ሲከስ፣ ወላሂ፣ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

«ዝምማ አላልክም። እሷ ልትታሰርበት እንደምትችል እያወቅህ ቁጥሩን ለእኔም ደገምክልኝ። ተነስ፣ እንሂድ።»

«ቀብሩስ?» አሉ ሼሁ።

ሰብሌ ፈትሂያን አየቻት።

«ወንድሙ ነው» አለች ፈትሂያ። «አጥቦ ይቅበረው። ከዚያ ውሰጂው።»

ነጠላዋን አስተካክላ ልጆቿን ልታመጣ ተነሳች። ሰብሌ በጓሮ በኩል ልታስወጣት ብትል እምቢ አለች። በዋናው በር፣ ድንጋይ በያዙት ሰዎች መካከል ወጣች።