ከእታለም የለቀቀው

ብታምኑም ባታምኑም ሆኗል... ባለታሪኳን በዓይኔ አውቃታለሁ።

ሆመቾ ከተማ ነው። የገበያ ቀን፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ገደማ።

ጵርስቅላ በአንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ያን ቀን እታለም የምትባል፣ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ያለፋት ሴት መጣች።

«ሲስተር፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። የወር አበባዬም ቀረ።»

«ሰው ይዘሻል?»

«ኧረ የለም። አማኝ ነኝ እኔ።»

ጵርስቅላ ጓንት አድርጋ መረመረቻት።

የማህፀኗ በር ወደ ሰማያዊ ጠቁሯል።

በጣቷ ነካችው። እርግዝና ከሌለ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ይላል። ይሄ ግን እንደ ከንፈር ለስልሷል...

ማህፀኗም ተለቅ ብሏል።

«እታለም... አርግዘሻል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «የባሌ ወንድሞች ከቤት ያስወጡኛል» አለች በሹክሹክታ።

የሽንት ምርመራው ግን እርግዝና የለም አለ።

አልትራሳውንዱም ባዶ።

ጵርስቅላ ግራ ገባት። እንደገና አስተኛቻት።

ሰማያዊው ጠፍቷል... የማህፀኑ በር ሮዝ ነው። ጠንክሯል። ቅድም ያየችው ነገር የለም።

«ቀለለኝ» አለች እታለም እየተነሳች። «አሁን ሲነኩኝ... ለቀቀኝ።»

አመስግና ወደ ገበያው ወጣች።

ጵርስቅላ ምሳዋን ከፈተች። ሽታው ብቻ አስመለሳት።

ጡቷ ይጠዘጥዛት ጀመር። ተቀመጠች፣ ተነሳች። መስኮት ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። አላስቀምጥ አላት።

በመጨረሻ ባልደረባዋን ሊያን ጠርታ በሩን ቆለፈች።

«መርምሪኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ዝም ብለሽ መርምሪኝ።»

ሊያ ጓንት አጠለቀች። አየች... ነካች...

«የማህፀንሽ በር ሰማያዊ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ለስልሷል። እርጉዝ ነሽ እኮ።»

ጵርስቅላ ጣሪያውን እያየች ነበር።

«ሊያ... እኔ ማህፀን የለኝም።»

«ምን?»

«ስወልድ ደም አልቆም ብሎኝ ከነማህፀን በሩ አውጥተውታል። አምና።»

ሊያ እጇን ቶሎ ሳበች።

ጣቶቿ ወጡ...

ጓንቱ ግን ተወጥሮ ቀረ። ጫፉን የሆነ ነገር ከውስጥ ይዞታል።